የጓሮ ቤቱ ሬዲዮ

ሆሳዕና፣ ጥር መጨረሻ

ለምወድሽ አብሮ አደጌ፣

የዶዮገና ብርድ እንዴት ይዞሻል? ጉልበትሽስ ተሻለሽ? እኔ ጌታ ይመስገን፣ ከወገቤ በቀር የሚከሰኝ የለም። በስልክ ልነግርሽ አስቤ ነበር፤ አንቺ ግን ወሬው ወደ ልብ ሲጠጋ ኔትወርክ የሚጠፋብሽ ሰው ነሽ። ስለዚህ ጻፍኩ። ነጋዴው ናስረዲን ለገበያ ሲመጣ በእጅሽ ይሰጥሻል።

ሆሴዕ ሆስፒታል ነው። አባቱ ለጉባኤው “ልጄ ሐዋሳ ሥልጠና ላይ ነው” ብሎ ስለተናገረ፣ ምእመኑ ሁሉ ለፈተናው ጸለየለት። አሁን ሽማግሌዎቹ መቼ ነው የሚመረቀው እያሉ ይጠይቁኛል። ልጄ ግን የተኛው እዚሁ ከቤታችን ማዶ ነው፣ አረቄ እንዲለቀው።

እኔ የአእምሮ ክፍል ሲባል የማውቀው ፍርግርግና ጩኸት ነበር። ይኼኛው ሌላ ነው። ቤተሰብ አብሮ ያድራል። መጀመሪያ ወንበር ክብ አድርገው አስቀመጡንና የልባችሁን ተናገሩ አሉን። የእኛን አገር ሰው ታውቂው የለ፤ ሁላችንም ጫማችንን ስናይ ዋልን። ራሄል የምትባል ነርስ ናት፣ የአንጋጫ ልጅ፣ ወንበሩን ሰብስባ ግቢው ውስጥ ወዳለው እንሰት ያወጣችን። ሰዎቻችን አፋቸው የሚፈታው እጃቸው ሥራ ሲይዝ ነው ብላ ሐኪሙን አሳመነችው። አሁን ወንዶቹ ይቆፍራሉ፣ እኛ ሴቶቹ ለቆጮ እንፍቃለን፣ ሐኪሙም አጠገባችን ቁጭ ብሎ ቅጠል ይገነጥላል። መድኃኒቱ በሰዓቱ ይሰጣል፤ ጸሎትም የከለከለን የለም።

ሆሴዕ ጀርባውን ሰጥቶኝ እየቆፈረ ተናገረ። መቼ እንደጀመረው፣ ቤተ ክርስቲያን ኳየር ላይ ኪቦርድ ሲመታ እጁ እየተንቀጠቀጠ ሰው ያውቅብኛል ብሎ ምን ያህል እንደፈራ። ፊቴን እያየ ቢሆን አይነግረኝም ነበር። እኔም እየፋቅሁ አለቀስኩ፤ ማንም ተይ አላለኝም።

ያኔ ነው አንቺ ትዝ ያልሽኝ። እናትሽ ጓሮ እንሰት ስንፍቅ የፈጠርናት ዜማ፣ ግማሿ ሀዲይኛ ግማሿ ከምባትኛ፣ ግጥሟ ለሰው የማይነገር። ቡላው ፊታችን ላይ እየደረቀ እንስቅ ነበር። እናትሽ ሥራ ነው ወይስ ሰርግ ትለን ነበር። ያቺን ዜማ ከሁለታችን ሌላ የሚያውቃት ሊዲያሽ ብቻ ናት፤ ልጅ ሳለች አዝለሽ ያስተኛሻት በእሷ ነው። ያ ዘመን እንዴት ናፈቀኝ መሰለሽ።

ለገና እናንተ ቤት ስመጣ ሊዲያ ጅማ ትምህርት ላይ ናት አልሽኝ። ከምሳ በኋላ ያቺ ዜማ ከጓሮ ቤት ስትመጣ ሰማሁ። ሬዲዮ ነው አልሽኝ። እኔም እሺ አልኩሽ። ቆጮና ጎመን በሳህን ይዘሽ ወደዚያው ስትሄጂ፣ ሬዲዮ ጎመን ይበላል ወይ ብዬ አልጠየቅሁሽም። በሩን ከውጭ ስትቆልፊው ግን ሰማሁ። እስከ ሆሳዕና መኪና ውስጥ ሳዝን መጣሁ።

አልፈርድብሽም። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም የሚለውን ከእናትሽ አፍ ነው አብረን የሰማነው፤ ሁለታችንም ለሰው እንጂ ለራሳችን አልመሰለንም።

በሴቶቹ በኩል አንድ አልጋ ይለቀቃል። ራሄል ለማን እንደሆነ ሳትጠይቀኝ እስከ ሐሙስ ልትይዝልኝ ቃል ገብታለች። ከዚያ በኋላ ግን ተራ የሚጠብቅ ሰው አለ። ጠዋት ሚኒባስ ብትይዢ ሳይረፍድ ትደርሻለሽ። ሰው ከጠየቀሽ፣ ጓደኛዬን እንሰት ላግዛት ሄድኩ በይ፤ ውሸትም አይሆንብሽም። እዚህ በሩ ከውስጥም ይከፈታል።

ጌታ ጓሮሽን ያለምልምልሽ፣ እንባሽን ይቁጠርልሽ፣ ለሳቃችንም ዕድሜ ይስጠን። እኔ በር ላይ እጠብቅሻለሁ።

ሬዲዮውን ይዘሽ ነይ።

እስከ ዛሬ ያው አብሮ አደግሽ