የኔ ትከሻ በሰው ጀርባ

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 5

የተራራ ቦርሳ ባዶውን እንኳ ለምን ይከብዳል? ዕቃ ሳይገባበት ትከሻ የሚቆርጥ... ማን ነው እንዲህ ይሁን ያለው? ከተመረቅኩ ጀምሮ ከሥራ ፍለጋው ጎን ለጎን የማስበው ይህንኑ ነው። ዛሬ ቦርሳውን ከጀርባ የሚደግፍ ፍሬም እንዲሆነኝ የአልሙኒየም ቱቦ ውስጥ አሸዋ ሞልቼ በጉልበቴ አጎበጥኩት። ያለ አሸዋ ይጨማደዳል፤ ሁለቱን ያበላሸሁት በዚያ ነው። እህቴ ከአሮጌ ድንኳን ከረጢቱን ሰፋችልኝ።

"ዲግሪ ይዘሽ የወፍ አልጋ ትሠሪ ጀመር?"

ትሳቅ።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 14

አለቀ! ተሸክሜው ኮረብታው ጫፍ ወጣሁ። ልጅ ሆኜ ከደረጃ ወድቄ የግራ ትከሻዬ ዝቅ ብሎ ቀርቷል፤ ስለዚህ የግራውን ማንገቻ ፍሬሙ ላይ ሁለት ጣት ዝቅ አድርጌ አሰርኩት። ጀርባዬ ላይ ምንም የሌለ ነው የመሰለኝ። ሮጥኩ እኮ።

ዓርብ፣ ጥቅምት 15

በሰፈራችን ላለው የቦርሳ ሱቅ ባለቤት አሳየሁት። ሠራተኞቹ "ጋሼ ይደር" ይሉታል፤ ምንም ቢጠይቁት መልሱ "ይደር" ነው።

"ቱቦ አዝሎ የሚሄድ ማን አለ፣ ልጄ?" አለ። ግን እጁ ከፍሬሙ ላይ አልነሳ አለ። "እስኪ እዚህ ይቆይ። ስለ መቀጠርሽም እናስብበታለን... ይደር።"

ተውኩለት። ሥራ አገኘሁ ማለት ይሆን?

ሰኞ፣ ኅዳር 9

የሱቁ መስኮት ውስጥ የኔ ፍሬም። አንድ አይደለም፣ ተደርድሯል! "የራሳችን ፈጠራ" ይላል ወረቀቱ። ገባሁ።

"ጋሼ፣ ይሄ የኔ ነው።"

"ያንቺ? ስምሽ የቱ ጋ ተጽፏል?"

ሠራተኞቹ ሁሉ እያዩኝ። ያመጣሁትን ይመልሱልኝ ስለው "የቱን?" አለኝ። ቆይ... ቆይ ብቻ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 10

እህቴ "ለእግዜር ስጪው" ትላለች። አልሰጥም።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 17

የሱቁን ሻጭ መንገድ ላይ አገኘኋት። ገዢው ሁሉ እየተማረረ ነው አለችኝ። ወደ ቀኝ አዘመመብኝ፣ ወገቤን አጣመመኝ...

"ጋሼስ ምን ይላል?"

"'የግራው ዝቅ ያለው በሳይንስ ነው፣ ትለምዱታላችሁ' ይላል።"

እዚያው ቆሜ እንባዬ እስኪወርድ ሳቅኩ። ትከሻዬን ጭምር ሰርቋል! ልንገረው? ምን በወጣኝ! የተራራ ተጓዦች ማኅበር ለአባላቱ ሁሉ ከሱ ሊገዛ ነው፤ እሁድ ተሸክመው ይሞክሩታል አለችኝ። እኔም እሄዳለሁ።

እሁድ፣ ኅዳር 22

አቀበቱ መሐል ሳንደርስ ሁሉም ወደ ቀኝ ተንጋደዋል፤ ነፋስ የገፋው አጥር ይመስላሉ። ጋሼ ላብ በላብ ሆኖ "ይለመዳል! ይለመዳል!" ይላል። የማኅበሩን ሊቀመንበር "እትዬ፣ እስኪ እኔ ልሞክረው" አልኳት። አነገትኩት። ቀጥ! ቁልቁል ሮጬ ሽቅብ ተመለስኩ።

"አንቺን ብቻ እንዴት ተስማማሽ?" አለች።

ጃኬቴን አውልቄ ጀርባዬን ሰጠኋቸው። የግራ ትከሻዬን አዩ፣ የግራውን ማንገቻ አዩ።

"ጋሼ፣ ስሜ የተጻፈበትን አገኘሁት" አልኩ።

ከኋላ አንዱ "ጋሼ፣ አጥንትም ይሰርቃሉ እንዴ?" አለ። ተራራው በሳቅ ተናጋ። ጋሼ ብቻውን ወረደ። ሊያሳዝነኝ ይገባ ነበር? አላሳዘነኝም። ዞር ብሎ ቢያየኝ ደስ ባለኝ።

እሁድ፣ ኅዳር 29

የእህቴ ሳሎን ወንበሮቹ ወጥተው ቱቦ በቱቦ ሆኗል። ማኅበሩ ሥራውን ለኔ ሰጠኝ፤ ለያንዳንዱ በየጀርባው ልክ ልሠራ። እህቴ አሁን "የኛ ፋብሪካ" ትላለች።

ጋሼ ሰው ልኮብኛል። "የሆነው ሆኗል፣ አብረን እንሥራ" ይላል። አብረን!

ለአባላቱ መልእክት ላክሁ፦ "ቅዳሜ ጠዋት እህቴ ቤት ጀርባ እለካለሁ። ስስ ሸሚዝ ልበሱ። የምትመጡ መልሱልኝ።" ለሱም ያንኑ ላክሁለት፤ ከሥሩ አንድ መስመር ጨምሬ፦

"ጋሼ፣ እርስዎም ተራ ይዘው ይለኩ። ይመጣሉ? ይመልሱልኝ።"