የሽንኩርት ሴል በዋንዛ ሳህን ላይ

ሰኞ

ሦስተኛው ሳህንም ተሰነጠቀ፤ ከከንፈሩ እስከ ሆዱ። ጥፋቱ የኔ ነው። ቶሎ ይድረቅ ብዬ ጠዋት ፀሐይ ላይ ትቼው ሄድኩ፣ ከትምህርት ቤት ስመለስ ለሁለት ሊከፈል ምንም አልቀረውም። ሳህኑን የሚጠርቡልኝ የበርታ ሽማግሌ፣ ሼህ ኢድሪስ፣ አገላብጠው አዩትና «ኡስታዛ፣ አንተ ቸኮልክ። እንጨቱ ገና ውሃ አለው» አሉኝ። ኡስታዛ አስተማሪዋ ማለታቸው ነው፤ በአማርኛቸው ግን ሁሌም «አንተ» ነኝ።

ክልሉ ከተቋቋመ ወዲህ የመጀመሪያው ኤግዚቢሽን ቅዳሜ አሶሳ ይከፈታል። ከየትምህርት ቤቱ አንድ የእጅ ሥራ ተጠይቋል። እኔ የባዮሎጂ አስተማሪ ነኝ፤ ማን ጥልቅ በይ አለኝ? ግን ተማሪዎቼ ሴል ሳሉ ስላቸው ጡብ ይደረድራሉ። ያለን ማይክሮስኮፕ አንድ፣ እሱም መስተዋቱ የተሰበረ። በጣታቸው የሚዳስሱት የሽንኩርት ሴል አማረኝ፤ በሳህን ውስጥ የተቀረጸ፣ ትልቅ።

ደረቅ እንጨት የለም። ቀን የለም። ትዕግሥትም አልቋል።

ማክሰኞ

ሼህ ኢድሪስ ለበራቸው መቃን ብለው ስንት ዓመት ያስቀመጡትን የዋንዛ ጉማጅ አወጡ። አፈርኩ። «ይተዉት» ብላቸው አልሰሙኝም። ንድፌን ግን አልወደዱትም። «ሽንኩርት ክብ ነው። ይሄ ምንድነው?»

ትምህርት ቤት ወሰድኳቸው። የሽንኩርት ልጣጭ ማይክሮስኮፑ ሥር አድርጌ፣ በተሰበረው መስተዋት ፈንታ የቦርሳ መስተዋቴን አስደግፌ ብርሃን አገኘሁ። አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው ብዙ ቆዩ።

«ቤት ነው» አሉ። «ብዙ ቤት። በየቤቱ አንድ ሰው ተቀምጧል።»

ኒውክለሱን ማለታቸው ነው። እንዲህ ቶሎ የገባው ተማሪ ኖሮኝ አያውቅም።

ረቡዕ

ተጣላን። እኔ ሴሎቹ እኩል ይሁኑ ብዬ በማስመሪያ አሰመርኩ። እሳቸው መሮአቸውን ይዘው አንዱን ረጅም፣ አንዱን ጠባብ፣ አንዱን ጠማማ አደረጉት።

«ትናንት ምን አየን? እኩል ነበር?»

አልነበረም። ልክ ናቸው፣ እሱ ነው ያናደደኝ። እኔም ልሞክር ብዬ መሮውን ተቀብዬ አውራ ጣቴን ቆረጥኩ። አሁን በግራ እጄ ነው የምጽፈው፤ የዶሮ ጭረት ይመስላል።

አመሻሽ ላይ የሰሊጥ ዘይት ቀባነው። አልተሰነጠቀም! ያምራል። እውነት ያምራል።

ሐሙስ

የኤግዚቢሽኑ መዝጋቢ ሳህኑን ወደደው። ቀጥሎ ቅጹን ሳበና «የየትኛው ብሔረሰብ ጥለት ነው?» አለ።

«የሽንኩርት ነው» አልኩ።

እሱም ከጎኑ ያሉት የኮሚቴው ሰዎችም ሳቁብኝ። ቦታው ባዶ መተው የለበትም አሉ። «የጠረቡት እሳቸው ከሆኑ የበርታ ብለን እንጻፈው።»

ሼህ ኢድሪስ እጃቸውን አነሱ። «አይሆንም። አባቴም አያቴም እንዲህ አልሠሩም። ውሸት ሐራም ነው።»

«አንቺስ ከየት ነሽ?» አለኝ መዝጋቢው።

«ከወሎ።»

እስክሪብቶው ቆመ። ልጅ ሆኜ በሰፈራ መጣሁ፤ ያደግሁት እዚህ፣ የተማርኩት እዚህ፣ የማስተምረው እዚህ። ይህ ሁሉ የሚጻፍበት መስመር ግን ቅጹ ላይ የለም። ሳህኑን መለሱልን።

ዓርብ

ከኮሚቴው አንዲት ሴት ቤቴ ድረስ መጣች። ቅጽ ሳይሞላ፣ ስም ሳይጻፍ፣ እንዲያው ጠረጴዛ ላይ ይቀመጥ አለች። በማዘን ነው የመጣችው፤ እኔ ግን ጮህኩባት። ስትሄድ ለሼህ ኢድሪስ ነገርኳቸው፤ ይደግፉኛል ብዬ። ተቆጡኝ።

«ስም ባይኖር ምን አለበት? ስም አልዋሸንም። ሰው ይየው!»

መቃናቸውን የሰጡ እሳቸው ናቸው። ወስጄ አስረከብኩ።

ቅዳሜ

ከረሜላ ሞልተውበታል! ለእንግዳ ማቅረቢያ አደረጉት! አንድም ሴል አይታይም። ማንን ልጣላ? ከጎኑ ቆሜ አላፊ አግዳሚውን «ውሰዱ፣ ኧረ ድገሙ» ስል ዋልኩ። ራሴም ስምንት በላሁ፤ ጥርሴ እስካሁን ይጠዘጥዘኛል። ሼህ ኢድሪስ አንዱን እንኳ ሳይልጡ ኪሳቸውን ሞሉ።

ከሰዓት በኋላ የሳህኑ ሆድ መታየት ጀመረ። ከማንኩሽ የመጣ አንድ የጉሙዝ ጤና ረዳት ከረሜላ ሊያነሳ እጁን ሰደደና እዚያው ቀረ። የቀሩትን ወደ ዳር ገፋ አድርጎ በጣቱ ዳሰሰው።

«ይሄ የሽንኩርት ልጣጭ አይደል እንዴ? ስንማር በማይክሮስኮፕ አይቼዋለሁ።»

 ሼህ ኢድሪስ ናቸው ከኔ ፈጥነው «አዎ! አዎ!» ብለው እጁን የጨበጡት። ሰዎች ተሰበሰቡ፤ መዝጋቢውም መጣ። ጤና ረዳቱ ለሁሉም ያስረዳ ጀመር፣ ግማሹን ተሳስቶ፤ አላረምኩትም።

መዝጋቢው ሲሄድ «ሳህኑ እስከ ሰኞ እዚሁ ይቆይ፤ ቅጹን እሞላለሁ» አለኝ። ስሙን ምን ብሎ እንደሚጽፍ ግን አልነገረኝም።