የዋጥሃት ኳስ

ደብረ ማርቆስ፣ እሑድ ጥር 25 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለአንሙት፣ ድሬዳዋ

ልጄ፣ ነገሩ የሆነው ትናንት ቅዳሜ ነው። ጠዋት ውርጭ ነበር፣ ረፋዱ ላይ ጠራ፣ ከቀትር በኋላ አቧራ የሚያስነሣ ንፋስ ነፈሰ። የነበርነው እኔ፣ አጎትህ ደመላሽ፣ እንዳላማው፣ ሚስቱ ወለተ ኪዳንና የገበያው ሰው ነን። ይህን አስቀድሜ የጻፍሁልህ ያልነበሩ ሰዎች እንደ ነበሩ ሆነው ስለሚያወሩህ ነው።

እንዴት አለህልኝ? ሳሉ ለቀቀህ? የድሬዳዋ ሙቀት ለደረትህ ተስማማኝ ስላልኸኝ ደስ ብሎኝ ነበር። እኔ አንድ ጎኔን ያመኛል እንጂ ደህና ነኝ። አጎትህ ግን ሞቷል። የእንዳላማው ወገኖች ደብድበው ገደሉት ብለው በስልክ ነግረውህ ይሆናል። እውነት ነው፤ ሙሉው ግን አይደለም።

እንዳላማው አባትህን በእርሻ ድንበር ገድሎ የተፈረደበትን ጨርሶ ከተፈታ ወዲህ ደመላሽ እንቅልፍ አልነበረውም። በጥምቀት ማግስት መጣና ጓሮ ዶሮ ሲያድርባት የኖረችውን የአባትህን ላንድክሩዘር አሳየኝ።

«አስነሺልኝ፣ እታለም። የወንድሜን የአበባውን እጅ ሲሠራ ያየሽ አንቺ ብቻ ነሽ።»

«ትበስብስ» አልሁት።

በጥፊ መታኝ፤ ከንፈሬ ተሰነጠቀ። ወዲያው ራሱ ደንግጦ ውሃ አመጣልኝ፤ መቼም ታውቀዋለህ። ጣሳውን እያቀበለኝ እንዲህ አለኝ፦ «እኔ ካልሄድሁ የሚሄደው አንሙት ነው። ለፋሲካ እመጣለሁ ብሎኛል። እኔ ልጅ የለኝ፣ ብሞት የሚፈርስ ቤት የለኝም። ምረጪ።»

ለፋሲካ እመጣለሁ ብለኸው ነበር? ለእኔ አላልኸኝም።

ካርቡሬተሩን አውርጄ ፈታሁት። ውስጡ የደረቀው ቤንዚን እንደ ሙጫ ሆኖ ቀዳዳዎቹን ደፍኗቸዋል። ሽቦ ቀዳዳውን ያሰፋዋል ይል አልነበር አባትህ? በፈረስ ጭራ አንድ በአንድ ጠረግኋቸው። ከቆራሌው የገዛቸው የተቀዳደዱ የመኪና መጽሐፍ ገጾች አሁንም ግድግዳው ላይ ናቸው፤ ሥዕሉን እያየሁ ሁሉንም በቦታው መለስሁ፣ የጎደለውን ገጽ እጄ ያውቀዋል። አንዲት ነገር ብቻ አልመለስሁም። የምስር ፍሬ የምታህለውን የብረት ኳስ። ልጅ ሆነህ ከጠረጴዛ አንሥተህ የዋጥሃትን። አባትህ በየማለዳው ጓሮ ወርዶ በእንጨት እየጎረጎረ ሲፈልጋት «ልጁ ደህና ነው፣ የታመመችው መኪናዋ ናት» እያለ ያስቀን ነበር። እሷ ከሌለች መኪናዋ እንዴት እንደምትሆን አንተም ታውቃለህ። ቆማ በሚኒሞ ስትሠራ ምንም አይታይባትም፤ ቀስ ብለህ ብትነዳትም ትሄዳለች። በድንገት ከረገጥሃት ግን ቤንዚኑ አይደርስላትም፤ እፍ ብላ ትጠፋለች።

ሐሳቤ ይህ ነበር። ደመላሽ መኪና የሚነዳው በቅሎ እንደሚገርፍ ነው፤ የመጀመሪያው ዳገት ላይ ረግጦ ያጠፋታል። እሱ ደግሞ ገድ ያያል፤ ሚዳቋ በግራው ካለፈች ከመንገዱ የሚመለስ ሰው ነው። ጉዞው ከጅምሩ ሲሰናከል ይተወዋል ብዬ ነው።

ትናንት ሚኒሞውን በጆሮዬ አስተካከልሁለት። ብሎኗን ትንሽ ከፈት፣ ትንሽ ጠበብ እያደረግሁ መንቀጥቀጧን እስክትተው ጠበቅሁ። ደመላሽ ጆሮውን ኮፈኑ ላይ አድርጎ ሣቀ። «መሪጌታ ናት እኮ! ስሚያት ስታንጎራጉር!» ከዚያ ክላሹን አምጥቶ ወንበሩ ላይ አጋደመና «ግቢ» አለኝ። «መንገድ ላይ ብትታመም ማን ያክማታል?» ኳሷን በነጠላዬ ጫፍ ቋጥሬ ገባሁ።

ዳገቱ ላይ ስንደርስ እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ ጠበቅሁ። እሱ ግን ታቦት እንደ ተሸከመ ሰው ዝግ ብሎ ነዳ።

«ምነው ዛሬ?» አልሁት።

«የአበባው መኪና አይደለች? እሱ እንደሚነዳት ልንዳት።»

ስንት ዘመን አውቀዋለሁ፤ እንዲህ ሲነዳ ያየሁት ትናንት ብቻ ነው። ዳገቱን ያለ አንዳች ሳል ወጣችው።

ከገበያው ዳር እንዳላማው በግ ይዞ ቆሟል። ሸብቷል። ደመላሽ ሞተሩን ሳያጠፋ አቆመና እሱ መሆኑን ለማየት አንገቱን በመስኮት አወጣ። ክላሹ በመካከላችን ነበር፤ አፈሙዙ ጉልበቴን ነክቶኛል። እንዳላማው አንድ ሰው የነገረው ነገር አስቆት እየሣቀ ነበር። አባትህ ሽበት አልደረሰበትም። ክላሹ ከጉልበቴ ላይ ተነሣ፤ ደመላሽ ይዞት ወረደ።

«እንዳላማው! የአበባው ወንድም ነኝ!»

የመጀመሪያው ጥይት በጉን ጣለው። ሁለተኛው እንዳላማውን ከዳሌው አገኘውና በበጉ ላይ ወደቀ። ሰው ሲጮህ ደመላሽ ሮጦ ገባና ረገጣት። እፍ አለችና ጠፋች። ደግሞ አስነሣት፣ ወዲያው ተነሣች፣ ረገጣት፣ ጠፋች።

«እታለም! ምን ሆነች?»

«ቀስ ብለህ! ቀስ ብለህ እርገጣት!» ብዬ ጮኽሁ። አልሰማኝም። የእንዳላማው ወገኖች በእግሩ ጎትተው አወጡት። ዱላ ነበር፣ ድንጋይ ነበር፣ የሚዛን ብረትም ነበር። ዱላ በሰው ራስ ላይ ሲያርፍ እንጨት እንጨት አይልም፣ ልጄ፤ ድምፁ እርጥብ ነው። መጀመሪያ እጁን ራሱ ላይ አድርጎ ነበር፤ በኋላ እጁ ወረደ።

እኔን ወለተ ኪዳን በጸጉሬ ይዛ አወረደችኝ። «ደም ጠጪ! የባልሽ ደም በእስር አልተከፈለሽም?» እያለች ጎኔን ረገጠችኝ። በመካከል የባሏን ደም አየችና ትታኝ «መኪና ያላችሁ! መኪና!» ማለት ጀመረች። መንገድ ከተዘጋ ሰንብቷል፤ ከእኛዋ በቀር አንድም መኪና አልነበረም።

«ያቺ አለች» አለ አንዱ።

«እሷማ ሞታለች፤ አላየህም?»

ከወደቅሁበት ሆኜ «እኔ አስነሣታለሁ» አልሁ።

ወለተ ኪዳን ዱላ አንሥታ አጠገቤ ቆመች። «ብትዋሺ እዚሁ ነው የምደፋሽ።» ኮፈኑን ከፍቼ የካርቡሬተሩን ክዳን ፈታሁ። ነጠላዬን ፈትቼ ኳሷን ሳወጣ አየች። ከቦታዋ ስጥላትም አየች። ዓይን ለዓይን ተያየን። ዱላውን ዝቅ አደረገችው።

«ሁለቱንም ካልጫናችሁ አልነዳም» አልኋቸው።

«ባለደሞቹን በአንድ አልጋ!» አለ አንድ ሽማግሌ፣ ግን ደመላሽን በጫንቃው ይዞ ያስገባው እሱው ነው።

ከኋላ የምሰማው የወለተ ኪዳንን ለቅሶና የደመላሽን ማንኮራፋት ነበር። ከዚያ እንዳላማው «ቀስ በይ፤ ራሱ ከብረቱ እየተጋጨ ነው» አለኝ። በመስታወቱ አየሁት። የደመላሽን ራስ በደህናው ጭኑ ላይ አድርጎ በመዳፉ ደግፎታል። ቀስ አልሁ። ከተማው ሲታየን ማንኮራፋቱ ቆመ።

«አሁን ብትፈጥኚም ግድ የለም» አለኝ እንዳላማው።

ረገጥኋት። እንደ ፈረስ ዘለለች።

እንዳላማው በሕይወት አለ፤ ጥይቱን አውጥተውለታል። ፖሊስ ቃሌን ተቀበለኝ፤ ስለ መኪናዋ የጠየቀኝ የለም። የአጎትህን ሬሳ በዚያችው መኪና ወደ ቤት አመጣሁት። ለቅሶ የደረሰው ሁሉ «አንሙት ይመጣል» ይላል። ይህን የምነግረው ግን ለአንተ ነው። አጎትህን ዱላ ገደለው፤ ዱላው እንዲደርስበት አስሬ ያቆምሁት እኔ ነኝ። ደሙን የምትፈልግ ከሆነ ከእንዳላማው ደጅ ምን ትሠራለህ? የእኔን ቤት ታውቀዋለህ፤ በሩን አልዘጋም።

ዛሬ ጠዋት ያደረግሁት ይህ ነው። ሰንበት መሆኑን አውቃለሁ። ውሃ ቀድቼ የኋላውን ወንበር አጠብሁ፤ ጠረኑ እስኪለቅ ደጋግሜ አጠብሁት። ኮፈኑን ከፍቼ ካርቡሬተሩን አወረድሁ። ኳሷን አወጣሁ። የቀረውን ካርቡሬተር ድንጋይ ላይ አድርጌ በመዶሻ አደቀቅሁት፤ ስስ ብረት ነው፣ አላስቸገረኝም። ስብርባሪውን ጉድጓድ ጨመርሁት። እጄን በአመድ አሽቼ ታጠብሁ። ለቀብር ነጠላዬን አዘቅዝቄ ለበስሁ። ሰው እስኪሰበሰብ ድረስ ተቀምጬ ይህን ጻፍሁ፤ ዲያቆን ወልደ ገብርኤል ወደ እናንተ ስለሚወርድ ይዞልህ ይመጣል። ከነጠላዬ ጫፍ ቀድጄ ኳሷን በጨርቁ ውስጥ ቋጥሬ ልኬልሃለሁ። ስትፈታው እንዳትወድቅብህ።

አሁን ደግሞ አትዋጣት።

የአባትህ አምላክ እጅህን ከደም፣ እግርህን ከዚህ መንገድ ይጠብቅልኝ። ደረትህን ሸፍን።

እናትህ የብርጓል