ቆማ ጣሪያዋን ስላለፈችው አውሮፕላናችን

ለተከበሩ የቀላል አውሮፕላኖች ፈቃድ ሰጪ መሥሪያ ቤት ኃላፊ፣

ጤናዎ፣ ወንበርዎና ማኅተምዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኔ፣ አባቴና በመኪና ማቆሚያችን ውስጥ የሠራናት ባለ ሁለት መቀመጫ አውሮፕላን፣ ፈቃድዎ ከደረሰን ወዲህ ከሳቅ ብዛት የጎን ውጋት ይዞን ከመሰንበቱ በቀር ደህና ነን።

ሙያዬ ጥርስ ማከም ስለሆነ፣ አፉን ከፍቶ ወንበሬ ላይ የተጋደመ ታካሚ ሁሉ አውሮፕላኔ በደቂቃ ስንት ሜትር እንደምትወጣ ሳይሰማ አይነሳም፤ እስካሁን የተቃወመኝም የለም። እርስዎን በዚህ መንገድ ለማግኘት ስላልታደልኩ ግን በአደባባይ ለመጻፍ ተገደድኩ።

አንደኛ፤ ተቆጣጣሪዎ ለሙከራው መጥተው፣ ከዛፍ ጥላ ሥር ሆነው በሬዲዮ የምነግራቸውን ሲመዘግቡ፣ እኔ አቅሟ እስከፈቀደ ድረስ ወጣሁ። ከፍ ባልኩ ቁጥር አየሩ እየሳሳ፣ ሞተሩ እያቃሰተ ሄዶ፣ በደቂቃ ከሠላሳ ሜትር በላይ መውጣት ሲያቅታት፣ በሙያው ደንብ ጣሪያዋ፣ ማለትም የመጨረሻ ከፍታዋ፣ እዚያ ነው ተባለ፤ ከሜዳችን በላይ አንድ ሺህ አምስት መቶ ሜትር። ደስታችን ወሰን አልነበረውም። መሥሪያ ቤትዎ ግን ይህንኑ ቁጥር ‹‹ከባሕር ጠለል በላይ›› ብሎ አተመልን። ሜዳችን ራሱ ከባሕር ጠለል በላይ ሁለት ሺህ ሁለት መቶ ሜትር ላይ ስለሚገኝ፣ አውሮፕላኔ ሞተሯን አጥፍታ፣ ሸራ ለብሳ፣ ጎማዋ መሬት ነክቶ እንኳ ከተፈቀደላት በሰባት መቶ ሜትር ከፍ ብላ ሕግ እየጣሰች ትገኛለች። ጎረቤቶቻችን ድሮ ‹‹ላም አለኝ በሰማይ›› እያሉ ይተርቡን ነበር፤ ለእርስዎ ምስጋና ይግባና አሁን ላሚቱ በረቷ ውስጥ እንደታሰረች ሰማይ ላይ ናት።

ሁለተኛ፤ ስህተቱን ላመለክት ስመጣ ጸሐፊዎ የታተመ ቁጥር እንደማይነካ አስረድተው፣ አውሮፕላኗን ዝቅ ወዳለ ስፍራ እንድወስዳት በደግነት መከሩኝ። ምክሩን ለአባቴ ብነግራቸው አካፋ ይዘው መጡና ቁፋሮውን ከየት በኩል እንጀምር አሉኝ።

ሦስተኛውን ቅሬታ ባለቤቴ አንብባ፣ ልጆች ያሉት ሰው እንዲህ አይጽፍም ብላ ሰርዛዋለች።

አራተኛው አጭር ነው። አባቴ ዕድሜያቸውን በጭነት መኪና አንዱን ዳገት ሲወጡና ሲወርዱ የኖሩ ሾፌር ናቸው። የክንፏን እንጨቶች አብረውኝ ሲያጣብቁ ዓይናቸው እየደከመ መጣ፤ ሐኪሙም ብርሃናቸው ብዙ እንደማይቆይ ነግሮናል። ምኞታቸው አንድ ነው፤ ያን ዳገት አንድ ቀን ከላይ ሆነው ቁልቁል ማየት። እዚህ ላይ ስደርስ ሳቄ ጠፋብኝ፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ወዲያው ይመለሳል።

እንግዲህ ‹‹ከባሕር ጠለል›› የሚሉትን ሁለት ቃላት ሰርዘው ‹‹ከሜዳው›› የሚል አንድ ቃል እንዲተኩልን፣ ከልውውጡ የተረፈችውንም አንድ ቃል በትርፍነት እንዲወስዷት እለምናለሁ።

እግሩ መሬት ላይ፣ በእርስዎ ስሌት ግን ደመና ላይ ቆሞ እጅ የሚነሳዎ፣
ሕግ ተላላፊው የጥርስ ሐኪም

ድኅረ ጽሑፍ፦ ለአቤቱታ ስመጣ የአውሮፕላኗን ከፍታ መለኪያ በቦርሳዬ ይዤ ነበር። መሥሪያ ቤትዎ ኮረብታ ላይ፣ ቢሮዎም አምስተኛ ፎቅ ስለሆነ፣ ወንበርዎ የተፈቀደውን ጣሪያ ከእኛዋ አውሮፕላን ይበልጥ አልፎ አግኝቼዋለሁ። እሷስ ክንፍ አላት፤ እርስዎ እዚያ ድረስ በምን እንደወጡ አልጠይቅም። ብቻ የአባቴ ዓይን ሳይፈዝ ይውረዱልን።