በሬው የት አደረ? የአቶ ትዕዛዙ አድማሴ የሕይወት ታሪክ

አቶ ትዕዛዙ አድማሴ ከአባታቸው ከአቶ አድማሴ ወልደኢየሱስና ከእናታቸው ከወይዘሮ ማሬ ማሩ በጭልጋ፣ ከአይከል ከተማ አለፍ ብላ በምትገኝ የገበሬ መንደር ሚያዝያ 12 ቀን 1955 ዓ.ም ተወለዱ። ትምህርታቸውን በአይከልና በጎንደር ተከታትለው በ1976 ዓ.ም በእንስሳት ጤና ረዳትነት ተመረቁ። ለሃያ ዓመታት በጭልጋ መንደሮች ከብት ሲከትቡና ሲያክሙ ቆይተው በ1996 ዓ.ም ጎንደር ወደሚገኝ የእንስሳት ጤና ላቦራቶሪ ተዛወሩ።

በ1981 ዓ.ም ከመምህርት እጅጋየሁ መለሰ ጋር በሥርዓተ ተክሊል ተጋብተው ልዑልቃልን፣ ሰላምንና መዝሙርን አፍርተዋል። ጎንደር አጠገብ ፀዳ በሚገኘው ቤታችን የአባታችንን ሥራ እንግዳ ሁሉ የሚያውቀው በማቀዝቀዣችን ነበር። የላቦራቶሪው መብራት ሲጠፋ መዥገር የያዙ ብልቃጦቻቸውን አምጥተው ከቅቤው ጎን ይደረድሩ ነበርና፣ እናታችን ከብዙ ክርክር በኋላ የታችኛውን መደርደሪያ ብቻ ፈቀዱላቸው።

ከ2005 ዓ.ም ጀምሮ የተሰማሩበት ሥራ በመዥገር የሚተላለፉ፣ ሐኪሙም ገበሬውም እምብዛም የማያውቃቸውን ረቂቅ ተሕዋስያን መከታተል ነበር። በየክረምቱ ከበሬዎች ላይ መዥገር እየለቀሙ፣ የባለቤቱን ስም ጽፈው ለምርመራ ያቀርባሉ። መዥገር ነቅሎ እሳት ውስጥ መጣል የለመደው ገበሬ “አያ ትዕዛዙ ደግሞ መዥገር ሊያረቡ ነው” እያለ ይቀልድባቸው ነበር።

በ2009 ዓ.ም ክረምት ቦራ ከሚባለው የአርሶ አደር ጌትነት በሬ በተለቀመ መዥገር ላይ አንድ ስሙ እምብዛም የማይነሣ ጀርም ተገኘ። የጌትነት ቤተሰብ በሙሉ ተመረመረ፤ የታመመ ሰው አልነበረም። አባታችንም ጀርሙ ወደ ሰው አልተሻገረም የሚለውን ሪፖርት ፈርመው አስገቡ።

በጥቅምት ወደ መንደሩ ሲመለሱ የአርሶ አደር ክንዱ ምራት ፍሬሰላም በትኩሳት ከአልጋ መነሣት እንዳቃታት ሰሙ። ለወባ ተደጋግማ ተመርምራ ምንም አልተገኘባትም፤ ቤተሰቧም ተስፋ ወደ መቁረጡ ነበር። አባታችን ይህንኑ ሲያወሩላቸው ጌትነት “ምነው አያ ትዕዛዙ፣ ቦራ እኮ ክረምቱን እኔ ቤት አላደረም። ከክንዱ በሬ ጋር አቀናጅተነው እዚያው ነው የከረመ” አሏቸው።

ባለ አንድ በሬ ከባለ አንድ በሬ ጋር በመቀናጆ እንደሚያርስ አባታችን አጥተውት አይደለም፤ ያደጉበት ነው። ቅጹ የባለቤቱን ስም ብቻ ስለሚጠይቅ እርሳቸውም ሌላ አልጠየቁም። ይህ አንገበገባቸው። በዚያው ሳምንት የደረጃ ዕድገታቸው በሚታይበት ስብሰባ ላይ ተነሥተው “ሪፖርቱ የተሳሳተ ነው፤ ስሕተቱም የእኔ ነው። ልጅቱን ቶሎ እንድረስላት” አሉ። ዕድገቱ ለሌላ ሰው ሆነ። የፍሬሰላም ደም ሲመረመር ያው ጀርም ተገኘ፤ ተገቢው መድኃኒት ተሰጣትና በሳምንቷ ተነሣች።

አባታችን በዚህ አላበቁም። የአምስት ክረምት መዝገባቸውን ተሸክመው ቤት ለቤት ዞሩ፤ የአራት መቶ አሥራ ሁለት በሬዎችን ማደሪያ እየጠየቁ በቀይ እስክርቢቶ ኅዳጉ ላይ ጻፉ። ዛሬ ላቦራቶሪው በሚጠቀምበት ቅጽ ላይ ከባለቤቱ ስም ቀጥሎ “ያደረበት ቤት” የሚል ዓምድ አለ። ያስጨመሩት እርሳቸው ናቸው። እኛ ልጆቻቸው በዚህ ዓምድ እንኮራለን፤ ከቀረባቸው ዕድገት ይበልጥብናል።

በ2015 ዓ.ም ጡረታ ከወጡም በኋላ ከማራኪ የዩኒቨርሲቲ ግቢ ወደ ገጠር ለመስክ ሥራ የሚወጡ ተማሪዎችን ሲመሩ ነበር። ባደረባቸው የጉበት ሕመም በሕክምና ሲረዱ ቆይተው አርብ ኅዳር 19 ቀን 2018 ዓ.ም በስልሳ ሁለት ዓመታቸው አረፉ። በመጨረሻዎቹ አሥራ አንድ ቀናት ፍሬሰላም ከጭልጋ መጥታ ከአልጋቸው አጠገብ አደረች። ነርሷ ምናቸው እንደሆነች ስትጠይቃት “ልጃቸው ነኝ” አለች። ማናችንም አላረምናትም።

አቶ ትዕዛዙ አድማሴ ባለትዳርና የአራት ልጆች አባት ነበሩ። በሬው የት እንዳደረ ሳይጠይቁ የማያልፉትን አባታችንን እግዚአብሔር ማደሪያቸውን ከደጋጎቹ ጋር ያድርግላቸው፤ ለእናታችንም መጽናናቱን ይስጥልን።