የሦስተኛው አዳራሽ ኮምፒውተር እንዳይጠፋ

ለተከበሩ የዓይን ክሊኒካችን የኮምፒውተር ክፍል ኃላፊ፤

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብኩ፣ ጤናዎ እንደ ኮምፒውተሮችዎ በየጊዜው የሚታደስ እንዲሆን፣ ሲታደስም አንዳች ነገር እንዳይጎድልብዎት ከልብ እመኛለሁ። እኔ የካርድ ክፍል ሠራተኛ ነኝ። በየአዳራሹ የሕመምተኛውን ቁጥር እየጠራ «ይግቡ፣ አይዞዎት» የሚለውን ፕሮግራም የሠራው ታናሽ ወንድሜ ነው፤ ድምፁም የራሱ ነው፤ ነፍሱን ይማረውና።

1ኛ፦ ሰው የጻፈውን ወደ ማሽን ቋንቋ የሚመልሰውን ኮምፓይለር በአዲስ ስለተኩልን እጅ እንነሳለን። ከአሮጌው ጋር የነበረችውን፣ ፕሮግራሞች ሲነሡ የሚደገፉባትን ላይብረሪ የምትባል ፋይል «የሚጠቀምባት የለም» ብለው አብረው ስለጠረጉልንም ምስጋናችን ወሰን የለውም። ወንድሜ በእጁ የሠራው ፕሮግራም በእናንተ ዝርዝር ውስጥ ስላልነበረ ማንም አላሰበውም እንጂ፣ ለካ ያለ እሷ አይነሳም። እንደገና ይሠራ ቢባል ደግሞ አዲሱ ኮምፓይለር የሟቹን ጽሑፍ አላውቅህም ብሎ መለሰው። ልትኳል ብላ ዓይኗን አጠፋች ሲባል እሰማ ነበር፤ በዓይን ክሊኒክ ሲደርስ ግን ገና አሁን አየሁ።

2ኛ፦ የሁለቱ አዳራሾች ኮምፒውተሮች ጠፍተው ሲበሩ ላይብረሪዋ አልተገኘችም ብለው ዝም አሉ። ሦስተኛው እስካሁን አልጠፋም። ፕሮግራሙ ላይብረሪዋን ሳትሰረዝ ቀድሞ፣ ኮምፒውተሩ እስኪጠፋ ብቻ በሚቆየው ሚሞሪ ውስጥ ስለያዛት፣ ከዲስኩ መሰረዟን ሳያውቅ ሰው ይጠራል። ይህን ያስረዱኝ የክፍልዎ ባለሙያ ናቸው።

3ኛ፦ እናታችን ዓይኗ ደህና ነው። ሆኖም በየጠዋቱ መጥታ ሦስተኛው አዳራሽ አግዳሚ ላይ ትቀመጣለች፤ ተራዋ ደርሶ እንደሆነ ሰዎች ሲጠይቋት ገና ነው ትላለች። እኔም ብሆን በዚያ ሳልፍ ድምፁ ሲጣራ ሳላስበው አቤት ብዬ አውቃለሁ፤ ከዚያ በኋላ ቀኑን ሙሉ ደህና አልውልም።

4ኛ፦ ድምፁን በስልክ እንድቀዳው ስለመከሩኝ እግዜር ይስጥልኝ፤ ቀድቻለሁ። ቅጂው ግን ትናንት የገባውን ሰው ይጠራል እንጂ ዛሬ የመጣውን አይጠራም።

እንግዲህ ሐሙስ ማሽኖች ሁሉ ጠፍተው እንዲበሩ ማዘዝዎን ሰምተናል። ልመናዬ አንድ ነው፤ ከዚያ በፊት ላይብረሪዋን መልሱልን። አሮጌዋ ከአዲሷ ጋር ጎን ለጎን መኖር እንደምትችል የራስዎ ባለሙያ ነግረውኛል። ለአንዲት ፋይል ቦታ የሚጠብበት ዲስክ እርስዎን በሚያህል ሰፊ ሰው እጅ ይኖራል ብዬ አልገምትም።

ለወንበርዎ ረጅም ዕድሜ፣ ለሰረዙት ሁሉ እረፍት እየተመኘሁ፣ ውድ ጊዜዎን ስለተሻማሁ በታላቅ ትሕትና ይቅርታ የምጠይቅዎ፣

የካርድ ክፍል ሠራተኛዋ፣ የተራ ጠሪው እህት

ማሳሰቢያ፦ ትእዛዝዎ የማይታጠፍ ከሆነ እርስዎ ራስዎ መጥተው ያጥፉት፤ እናቴ አጠገብም ቦታ አይጠፋም። መሞቱን ያኔ ያረዳኋት እኔ ነበርኩ። የአሁኑን እርስዎ ይንገሯት፤ እኔ ሁለተኛ አልችልም።