ዌንደል ያሰመጣቸው ዛፎች

ማክሰኞ፣ ማርች 4

ጀልባዋን አጠብኩ። ዌንደል በረንዳው ላይ ተቀምጦ ያየኛል። ጎረቤታችን ሆይት በአጥሩ በኩል፣ "ሎሪን፣ ባልሽ ክራፒ የሚባለውን ዓሣ የሚያጠምድበትን ቦታ ይዞት መቃብር ሊገባ ነው እንዴ?" አለኝ። ሳቅኩለት።

ገና ባለፈ ቁጥር የገና ዛፋችንን ብሎኬት አስሮበት ሐይቁ ውስጥ ያሰምጠዋል። ክራፒ ቅርንጫፍ ውስጥ መደበቅ ይወዳል። የት እንደሚያሰምጠው ግን ለእኔም ነግሮኝ አያውቅም። ስንቃረብ "ዙሪ" ይለኛል፣ እዞራለሁ። አርባ አንድ ዛፍ... የዌንደል ሐኪም፣ "የምትጠይቂው ካለ አሁን ጠይቂው፤ መርሳቱ ይብሳል" ብላኛለች።

ረቡዕ፣ ማርች 19

እንደምንም ጠየቅኩት።

"ይቅርታ፣ እርስዎን አላውቅዎትም። ቦታ ለማላውቀው ሰው አልናገርም።"

እርስዎ... አርባ አንድ ዓመት አንቺ ሲለኝ የኖረ ሰው። ዕቃ ቤት ገብቼ ቆየሁ። ቦታውስ ይቅር። እኔን?

ሐሙስ፣ ማርች 20

ዛሬም እርስዎ።

እሑድ፣ ኤፕሪል 6

የዶግውድ ዛፉ አበበ። ክራፒው እንቁላል ሊጥል ወደ ዳር ወጥቷል ማለት ነው። ዌንደልን በጀልባዋ ይዤው ወጣሁ። ሞተሩን ራሱ ያዘ፤ እጁ አልረሳም። "ዞር ይበሉ" አለኝ። ዞርኩ።

ሲያቆም መንጠቆ ጣልኩ። ወዲያው ያዘልኝ። ቶሎ ጎተትኩና ከንፈሩ ተቀዶ አመለጠኝ።

"ልክ እንደ ሚስቴ ነዎት" ብሎ ሳቀ። "የክራፒ አፍ ወረቀት ነው። ቀስ ብለው ያንሱት።"

ከዚያ፣ "ሎሪንን ያውቋታል?"

"አውቃታለሁ።"

"እንግዲያው ይመልከቱ። ያ ማዶ ያለው የውሃ ታንከር ከደረቀው ዛፍ ጀርባ ሲደበቅ፣ ቦታው እዚህ ነው። ሁሉም ዛፎች ከታች ናቸው። ይንገሩልኝ። እኔ እየረሳሁ ነው፤ እሷ ደግሞ መጠየቅ ትፈራለች።"

እውነቱን ነው፤ እፈራ ነበር። እነግራታለሁ አልኩት።

ቅዳሜ፣ ሜይ 3

የአረጋውያን መንከባከቢያ ከገባ ዛሬ ዘጠኝ ቀኑ። ብቻዬን ወጣሁ። ታንከሩ ተደበቀ፣ ቆምኩ። ቀስ እያልኩ ስድስት አወጣሁ። በበቆሎ ዱቄት ጠብሼ ወሰድኩለት። ሁለቱን በላ።

"ለሎሪን ነገሯት?"

"ነገርኳት።"

"ምን አለች?"

"አለቀሰች።"

"ሎሪን? እሷ እንኳን አታለቅስም" አለኝ፣ ሶፍት እያቀበለኝ።